መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ

በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት አንድ የጉዲፈቻ ስምምነት ሲጸድቅ፣ ውሳኔው እንደ ማናቸውም የፍትሐ ብሔር ጉዳይ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» በሚል ትእዛዝ ያበቃል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሕፃኑ በሕግ ዓይን የአሳዳጊዎቹ ልጅ ስለሚሆን፣ ለዳኛውም ለሬጅስትራሩም ለጠበቃውም ጉዳዩ አልቋል። ልጁን ከማሳደጊያ ተቋም እስከዚያ ቤት ያደረሰው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ በመሥሪያ ቤትም በሰፈርም ሶሻል ወርከር እየተባለ የሚጠራው ሰው፣ ግን የሥራውን ከባድ ክፍል የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ዕለት በኋላ ነው። የሥራው ጠባይም ለምስጋና አይመችም። ሲሳካ የሚታየው አንድ ልጅ እንደ ማንኛውም ልጅ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ብቻ ስለሆነ የባለሙያው ድካም እንዳለበት የሚያስተውል የለም፤ ሲከሽፍ ግን፣ ልጁ ወደ ተቋሙ ሲመለስ ወይም ጎዳና ላይ ሲገኝ፣ «ቤተሰቡን ያጠናው ማን ነበር?» ተብሎ ስሙ የሚነሣው እሱ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጉዲፈቻን በስምምነት የሚመሠረትና ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው የሚጸና የልጅነት ትስስር አድርጎ ይመለከተዋል፤ አብዛኞቹ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን ሲኖርበት፣ ባልና ሚስት በጋራ ሲያደርጉት ከሁለቱ አንዳቸው ዕድሜውን መድረሳቸው ይበቃል። ልጁ ከአሳዳጊዎቹ አብራክ እንደተከፈለ ተቆጥሮ ይወርሳል፤ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ግን የአሳዳጊዎቹ ቤተሰብ ይቀድማል። ሞግዚትነት ከዚህ የተለየ ነው፤ አዲስ ልጅነት አይፈጥርም። ሕጉ የልጁን አካልና አስተዳደግ የሚጠብቀውን ሰው አሳዳሪ፣ ንብረቱን የሚያስተዳድረውንና በሕግ የሚወክለውን ደግሞ ሞግዚት ብሎ ይለያቸዋል፤ ሁለቱም ኃላፊነቶች በአብዛኛው በአንድ ሰው ላይ ስለሚያርፉ ግን በተለምዶ ሞግዚት ተብሎ ይታለፋል። በእነዚህ ሁለት መንገዶች የተዋቀሩ ቤተሰቦች ችግራቸውም ስሜታቸውም የተለያየ ቢሆንም፣ ደጃቸውን የሚያንኳኳው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው።

የሌላውን ልጅ የራስ ማድረግ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ሕጉ ስሙን የተዋሰው ከኦሮሞ ሕዝብ የጉዲፈቻ ሥርዓት ሲሆን፣ በዚያ ሥርዓት ልጁ በሽማግሌዎችና በጎረቤት ፊት ቃል ተገብቶለት ወደ አዲሱ ቤተሰብና ጎሳ ስለሚገባ ከዚያ ወዲያ ባዳ አድርጎ ማየት ነውር ነው። በአማራውም ዘንድ የጡት ልጅ የሚባል ልማድ ነበር፤ አሳዳጊው ማር የተቀባ አውራ ጣቱን ለልጁ በማጥባት አባትነቱን በምስክር ፊት ያጸና ነበር። የሁለቱም ልማዶች ጉልበት ያለው አደባባይ ላይ በመፈጸማቸው ነው። ምስክሮቹ በሠርግም በለቅሶም ቤተሰቡን የሚያገኙ ሰዎች ስለነበሩ፣ ልጁ ቢበደል የሚጠይቅለት፣ አሳዳጊው ቢቸግረው የሚደርስለት በቅርብ አይጠፋም ነበር። የከተማው ጉዲፈቻ ግን በአንድ ችሎት፣ ብዙ ጊዜም ከጎረቤትና ከዘመድ ተሰውሮ የሚፈጸም በመሆኑ እነዚያ ምስክሮች የሉትም፤ ሶሻል ወርከሩ የእነሱን ቦታ ብቻውን እንዲሸፍን የተላከ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሸክም ይበልጥ የከበደው ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ኢትዮጵያ ለውጭ አገር ጉዲፈቻ ብዙ ሕፃናት ከሚሰጡ አገሮች ግንባር ቀደም ነበረች፤ ወደ አሜሪካ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከ15,000 በላይ ሕፃናት የሄዱ ሲሆን፣ በ2010 በዚያው አቆጣጠር በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ተወስደዋል። ቁጥሩ ሲያሻቅብ ኤጀንሲውን፣ ማሳደጊያ ተቋሙንና ደላላውን የሚያገናኝ ገንዘብ ያለበት መስመር ተፈጠረ፤ በሕይወት ያሉ ወላጆች «ተምሮ ይመለስላችኋል» ተብለው ያልገባቸው ወረቀት ላይ የፈረሙበት፣ ሰነድም የተጭበረበረበት ሁኔታ በተደጋጋሚ ተጋለጠ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስቴር በቀን የሚያያቸውን ማመልከቻዎች ወደ 5 ዝቅ ሲያደርግ፣ በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ የሄደች አንዲት ታዳጊ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ቤት በደረሰባት በደል መሞቷ ጉዳዩን የሕዝብ መነጋገሪያ አደረገው፤ አሳዳጊዎቿም እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋተኛ ተባሉ። በመጨረሻ በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1070 አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ዘጋ።

እገዳው ተገቢ ነበር፤ ያስከተለውን ሥራ የሚሠራ የሰው ኃይል አብሮ አለመዘጋጀቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ውጭ ለሄደ ልጅ አሳዳጊዎቹ በ3ኛው ወር፣ በ6ኛው ወር፣ በዓመቱ፣ ከዚያም 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ስለ ደኅንነቱ ሪፖርት እንዲልኩ ይጠበቅባቸው ነበር። ሪፖርቱ ሁልጊዜ በወቅቱ አይደርስም ነበር፤ ሁልጊዜም እውነቱን አይናገርም ነበር። ሆኖም ውቅያኖስ ማዶ ያለ ልጅ በየዓመቱ እንዲጻፍለት የጠየቀች አገር፣ ሳሪስ ወይም ኮልፌ ለገባው ልጅ ክትትሉን በአብዛኛው ለአንድ ባለሙያ ትጋትና ለታክሲ ገንዘቡ መተዋ ግራ ያጋባል።

የባለሙያው ሥራ የሚጀምረው የቤተሰብ ጥናት ከሚባለው ምዕራፍ ነው። ይህ ጥናት ልጅ ለመውሰድ ያመለከቱ ሰዎች ልጅ ለማሳደግ ምን ያህል እንደተዘጋጁ የሚመረምር ሲሆን፣ ውጤቱ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። የገቢ ማስረጃ፣ የጋብቻ ሰነድ፣ የጤና ምርመራ ውጤትና የመሳሰሉት የሚሟሉት በወረቀት በመሆኑ እነሱን ለማረጋገጥ ብዙ ጥበብ አያስፈልግም። ልምድ ያለው ሶሻል ወርከር የሚፈልገው ወረቀት የማይነግረውን ነው። ባልየው የሚናገረው በራሱ ፍላጎት ነው ወይስ ሚስቱን ላለማስከፋት? አማቶች ነገሩን ያውቃሉ? በፀነሰች ቁጥር የጨነገፈባት ሴት ሐዘኗን ጨርሳለች ወይስ የሚመጣውን ሕፃን የሞተባትን ልጅ ቦታ እንዲሞላላት ትጠብቃለች? «ሴት ልጅ ትሁን፣ ቀላ ያለች፣ ከ6 ወር ያልበለጠች» የሚል ማመልከቻ ሲመጣ ደግሞ ባለሙያው የሚመዝነው ምርጫውን ብቻ አይደለም፤ ያቺ ልጅ አድጋ የታሰበችውን ሳትመስል ብትቀር ቤቱ ምን እንደሚሆን ጭምር ይመዝናል።

በአዲስ አበባ ታናናሾቹ ሕፃናት የሚያድጉበት ክበበ ፀሐይ የመንግሥት ማሳደጊያ ብዙዎቹ አመልካቾች መጀመሪያ የሚያስቡት ቦታ ነው። ተጥለው የተገኙ ሕፃናት ፖሊስ መዝግቧቸው ወደ ተቋም ሲገቡ፣ ባለሙያው የልጁንም ጥናት ያዘጋጃል። የት ተገኘ? በምን ሰዓት? ምን ለብሶ ነበር? አጠገቡ የተተወ ነገር ነበር ወይ? ይህ ዝርዝር በዕለቱ ተራ የመዝገብ ሥራ ይመስላል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ግን ለአንድ ሰው ያለው የልጅነት ታሪክ ሁሉ ያ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ልጅና ቤተሰብን ማገናኘት ሲሆን፣ እዚህ ላይ ሙያው ቁርጥ ያለ መርሕ አለው፦ ለልጁ ቤተሰብ ይፈለጋል እንጂ ለቤተሰቡ ልጅ አይፈለግም። መርሑን በቃል ማጥናት ቀላል ነው፤ ለዓመታት ተራ የጠበቁ ባልና ሚስት ቢሮ ውስጥ ሲያለቅሱ መጽናት ግን ይከብዳል።

ልጁ አዲሱ ቤት ከገባ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታየው ጠባይ አሳዳጊዎችን ብዙ ጊዜ ያስደነግጣቸዋል። በተቋም ያደገ ልጅ ዳቦ ትራስ ሥር ሊደብቅ፣ ከማንም እንግዳ ጋር ያለ ፍርሃት እጅ ለእጅ ተያይዞ ሊወጣ፣ ሌሊት አልጋው ላይ ሊሸና ወይም እናቱ ስታቅፈው ሰውነቱን ሊያደርቅ ይችላል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ቁርኝት የሚሉት ነገር፣ ማለትም ሕፃን ከአንድ የማይለዋወጥ አሳዳጊ ጋር በሚያሳልፈው ጊዜ የሚገነባው መተማመን፣ ተንከባካቢዎች በፈረቃ በሚለዋወጡበት ቦታ በቀላሉ አይበቅልም። ይህን ያላወቀች እናት ዳቦውን ስታገኝ «ያስርቡታል እንዳይባል ምን አጎደልኩበት?» ብላ ትቆጣለች፤ ሶሻል ወርከሯ ደግሞ ልጁ ባለጌ ወይም ሌባ አለመሆኑን፣ ዳቦው የሚደበቀው ነገ ላይኖር ይችላል ከሚል ፍርሃት መሆኑን ታስረዳና፣ ከመቆጣት ይልቅ ልጁ ራሱ የሚከፍተው ትንሽ የምግብ ሳጥን እንዲዘጋጅለት ትመክራለች። ምክሩ በሁለት ደቂቃ ተሰምቶ ያልቃል፤ እሱን የሚሰጥ ሰው በሌለበት ቤት ግን ያቺው ዳቦ የመራራቅ መነሻ ልትሆን ትችላለች።

ከሁሉም የሚከብደው ምስጢሩ ነው። በከተማ ጉዲፈቻ የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች ልጁ የአብራካቸው ክፋይ እንዲመስል ብዙ ርቀት ይሄዳሉ፤ ሰፈር የሚቀይሩ፣ ልብስ ደርበው እርጉዝ መስለው የሚወጡ፣ ለወላጅ እናታቸው እንኳን የማይናገሩ አሉ። ከዚህ ጀርባ ያለው መካንነትን የሚያሳፍር አመለካከትና ልጁን «የማደጎ ልጅ» ከሚል ስድብ የመከላከል ፍላጎት ስለሆነ ድርጊቱን በክፋት መተርጎም አይገባም። ይሁን እንጂ ምስጢሩ ከልጁ በስተቀር ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሆኖ ይቀርና፣ አንድ ቀን በጨዋታ ጠብ፣ በውርስ ክርክር ወይም በቤት ሠራተኛ አፍ ይወጣል። ያን ጊዜ ልጁን ይበልጥ የሚጎዳው እዚያ ቤት አለመወለዱ ሳይሆን፣ የሚያምናቸው ሰዎች ሁሉ ሲያውቁ እሱ ብቻ አለማወቁ ነው። ሶሻል ወርከሮች የሚሰጡት ምክር ገና ከጨቅላነቱ፣ ትርጉሙ ሳይገባው ጀምሮ፣ እንደ ተረት በትንሽ በትንሹ እየነገሩ ማሳደግ ነው፤ ብዙ አሳዳጊዎች በመስማማት ራሳቸውን ነቅንቀው ካበቁ በኋላ ለሌላ ዓመት ያሸጋግሩታል። ባለሙያዋ ከዓመት በኋላ ተመልሳ «ነገራችሁት?» ብላ የምትጠይቅ ብቸኛዋ ሰው ናት። ስለዚህም አንዳንድ ቤት የእሷ መምጣት አይወደድም፤ ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው እግር ደጁን ሲረግጥ ጎረቤት ምን ይላል?

የሞግዚት ቤተሰቦች ደግሞ ይህ ምስጢር የለባቸውም፤ ጓዳቸው ግን ባዶ ነው። ዩኒሴፍ አንድ ወይም ሁለቱንም ወላጆቻቸውን ያጡ የኢትዮጵያ ሕፃናትን ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ሲገምት ቆይቷል፤ ከእነዚህ ወደ ተቋም የሚገቡትም ሆኑ በጉዲፈቻ የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት የሚያድጉት በዘመድ ቤት ነው። የቤተሰብ ሕጉም ወላጆች ሲታጡ ኃላፊነቱን በቅድሚያ ለአያቶች፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን ለደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚያም ለአጎቶችና አክስቶች ይሰጣል፤ ይህ ቅደም ተከተል የኅብረተሰቡን ልማድ የተከተለ ቢሆንም፣ በተግባር ሲታይ ለመጦር የደረሰች ሴት እንደገና እንድታሳድግ ማድረግ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚቀርበው ጉብኝት የአንድ የተወሰነ ቤት ታሪክ አይደለም፤ በሥራው ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም ዓይነት ነው። ጉለሌ ውስጥ በአንዲት ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት፣ ልጃቸውንና ምራታቸውን የቀበሩ አያት የ14 ዓመት ወንድና የ9 ዓመት ሴት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። ሶሻል ወርከሯ «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ብላ ስትገባ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግቢ የኔ ልጅ፣ ቡናው ሊፈላ ነው» ይሏታል፤ ቡና መጠጣት ደግሞ የሥራው አካል ስለሆነ ተቀምጣ ትጠጣለች። እየጠጣች የልጆቹ ዩኒፎርም የት እንደተሰቀለ፣ ማን የት እንደሚተኛ፣ ልጅቷ ጥግ ይዛ በምትጽፍበት ደብተር ላይ የመምህሩ ቀይ እርማት መቼ እንዳቆመ ታያለች። አያት የሚያወሩት ስለ ዘይት ዋጋና ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነው። ስለ ወንዱ ልጅ ሲጠየቁ ግን ሲኒውን ያስቀምጣሉ። «ምን ልበልሽ፤ አባቱን የቀበርን ለት አፉም አብሮ የተቀበረ መሰለኝ። አይቆጣ፣ አያለቅስ። ሲመሽ ይወጣል፤ ወዴት ብለው አይነግረኝም።»

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ባለሙያዋ ቢያንስ አራት ጉዳይ ይዛ ትወጣለች። ወንዱ ልጅ ሐዘኑን የሚያወጣበት ሰው ይፈልጋል። ሴቷ ከትምህርት ወደኋላ እየቀረች ነው። የሟች አባት የጡረታ አበል ለልጆቹ ሊከፈል ሲችል፣ አያት ከፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማስረጃ ስላላወጡ እስካሁን አልተጠየቀም። በዚህ ላይ የሟች ወንድም ከክፍለ ሀገር መጥቶ ሟች በማኅበር ያሠራውን ቤት «እኔ ላስተዳድር» ማለት ጀምሯል። የልጆችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ እንደማይቻል አያት ስለማያውቁ፣ ነገሩን የቤተሰብ ጠብ ብቻ አድርገው አይተውት በዝምታ ሊያልፉት አስበዋል። እዚህ ላይ ሶሻል ወርከሯ ጠበቃ አይደለችም፤ ሆኖም የሞት ማስረጃ ከየት እንደሚወጣ፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት እንዴት እንደሚገኝ፣ ማመልከቻው የትኛው መስኮት እንደሚገባ የምታውቀው እሷ ናት፤ አያትን ደግፋ ደረጃውን የምታወጣቸውም እሷው ናት። ዕድሩም ቢሆን ቀብር ሲያስፈጽም ያለውን ያህል ብርታት ከቀብሩ በኋላ ላሉት ዓመታት አያሳይም፤ አንዳንድ ዕድሮች ግን ባለሙያ ባቀረበላቸው ሐሳብ ለወላጅ አልባ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም መግዛት ጀምረዋል።

ሞግዚት ማን ይሁን በሚለው ክርክር የባለሙያው ጥናት ምን ያህል ሊመዝን እንደሚገባ የሚያሳይ ውሳኔ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ሰጥቷል። ከቀድሞው የደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች የመጣው ይህ ጉዳይ እናቱ የሞተችበትንና አክስቱ ያሳደገችውን ልጅ አባቱ ልውሰድ በማለቱ የተነሣ ነበር። የሥር ፍርድ ቤቶች የወላጅን ቀዳሚ መብት ተከትለው ለአባት ሲወስኑ፣ ሰበር ሰሚው ችሎት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ፣ መለኪያው የወላጅ መብት ሳይሆን የልጁ ከሁሉ የላቀ ጥቅም ነው በማለት ውሳኔውን ሻረ። የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ዳኛ የልጁ ጥቅም የት እንዳለ መጠየቅ አለበት። ጥያቄውን ግን ከችሎት ወንበር ላይ ሆኖ መመለስ አይቻልም፤ ቤቱን ያየ፣ ልጁን ብቻውን ያነጋገረ፣ መምህሩንና ጎረቤቱን የጠየቀ ሰው ያስፈልጋል። ውሳኔው በተዘዋዋሪ መንገድ ሶሻል ወርከሩን የፍርዱ ዓይን አድርጎታል ማለት ነው፤ ጥናቱን በ3 ቀን ጨርሶ እንዲያቀርብ ሲታዘዝ ግን ዓይኑ ምን ያህል ሊያይ እንደሚችል አይታሰብም።

ሙያው ራሱ በኢትዮጵያ የተቆራረጠ ታሪክ አለው። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ ባለሙያ ሲያፈራ ቆይቶ፣ ከአብዮቱ በኋላ ሲዘጋ ትምህርቱ በሶሺዮሎጂ ሥር ተጠቃለለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ራሱን ችሎ በማስተርስ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከሉ ያሉት 30 ዓመታት የ1977ቱ ረሃብ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱና ኤችአይቪ አገሪቱን በወላጅ አልባ ልጆች ያጥለቀለቁባቸው ዓመታት መሆናቸው መራራ ግጥምጥሞሽ ነው። ክፍተቱን የሸፈኑት ቅን ልብ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው በወሎ ረሃብ መካከል ያገኟቸውን ሕፃናት ይዘው የተመለሱት ወይዘሮ አበበች ጎበና እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2013 ዓ.ም.፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች እናት ሆነዋል፤ የተሰጣቸው ክብርም የሚገባቸው ነው። ሆኖም ከዚህ ታሪክ የተወረሰው የዕውቅና ልማድ ልጆችን ሰብስቦ የሚያሳድገውን ሰው ያያል፤ ልጆች ተሰብስበው እንዳያድጉ፣ በአንድ አያት ወይም በአንድ አሳዳጊ ቤት እንዲሰነብቱ የሚደክመውን አያይም። ተቋም ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ አንድ ልጅ ከቤቱ ሳይወጣ ሲቀር ግን የሚመረቅ ነገር የለም።

የሥራው ውስጣዊ ቅራኔም በግልጽ ሊነገር ይገባዋል። አንዱ ባለሙያ ቤተሰቡን የሚመረምር፣ ካስፈለገም ልጁ እንዲነሣ የሚያመለክት ተቆጣጣሪ ነው፤ እሱው ደግሞ አሳዳጊዋ የደከመችበትን፣ በልጁ የተማረረችበትን ቀን በእምነት የምትነግረው አማካሪ እንዲሆን ይጠበቃል። ሕጉ የጉዲፈቻ ስምምነትን በመርሕ ደረጃ የማይፈርስ አድርጎ፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው፣ ለጥቅሙ ብሎ ለብልግና ተግባር ከዳረገው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ከያዘው ብቻ እንዲሻር ስለሚፈቅድ፣ የባለሙያው ማስታወሻ ለዚህ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ይህን የምታውቅ እናት «ዛሬስ መታሁት» ብላ ለመናገር ትፈራለች፤ ያልተነገረ ነገር ደግሞ አይታከምም። ሁለቱን ሥራዎች ለሁለት ሰዎች መስጠት፣ ምርመራውን ለአንዱ ድጋፉን ለሌላው፣ ከማናቸውም የምስክር ወረቀት የበለጠ ለሙያው ክብር ይሰጠው ነበር። በየዓመቱ በመጋቢት በሚውለው የዓለም የማኅበራዊ ሥራ ቀን ንግግር ማድረግ ደግ ነው፤ ባለሙያዋ ግን ከንግግሩ ይልቅ የጉብኝት ትራንስፖርት፣ ሊያዝ የሚችል የቤተሰብ ቁጥር፣ ከከባድ ጉዳይ በኋላ የምትመክረው ልምድ ያለው አለቃ፣ እንዲሁም በችሎት ስትቀርብ እንደ መልእክተኛ ሳይሆን እንደ ባለሙያ የሚሰማ ጆሮ ቢኖራት ትመርጣለች። በአሁኑ አሠራር እሷ ሥራ ስትለቅ የያዘቻቸው ቤተሰቦች ሁሉ እንደገና ከማያውቁት ሰው ጋር ይጀምራሉ፤ ልጆቹም አንድ የሚያምኑትን ሰው እንደገና ያጣሉ።

ከእሷ በኋላ የሚቀረው ፋይሉ ነው። በውጭ አገር ያደጉ ኢትዮጵያውያን የጉዲፈቻ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ሆነው መነሻቸውን ፍለጋ ሲመለሱ፣ ቤተሰብ ፍለጋ የተባለውን የመረጃ ቋት የመሳሰሉ ጥረቶች የሚያገናኟቸው የወላጅ ስም፣ የቀበሌ ቁጥርና የተገኙበት ቦታ የተጻፈበት አሮጌ ወረቀት ሲገኝ ነው፤ በርካቶቹም ወረቀቱን ሲያገኙ የተጻፈው ሐሰት ሆኖ ይጠብቃቸዋል። በአገር ውስጥ ላደጉትም ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፤ የሚመጣበት መንገድ ግን ይለያል። ሕጉ ከተወለዱበት ቤተሰብ ጋር ያላቸውን ዝምድና ስላልቆረጠው፣ ልጁ አድጎ ሽማግሌ ሲልክ የልጅቷ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አሳዳጊዎቹ ያን ቀን የሚሄዱት ወደ ማሳደጊያው መዝገብ ክፍል ነው፤ የሚያገኙትም ከ25 ዓመት በፊት አንዲት ሶሻል ወርከር ሕፃኑ በተገኘ ማግሥት ወደ ሰፈሩ ተመልሳ ጎረቤት ጠይቃ የጻፈችውን ነው፤ ጠይቃ ከሆነ።